ቡሎን ምራቂ አይወድም

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ አገር ቤት ጓሮዋ ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። አዲስ ከተማ እኔ ቤት አምጥተን መስኮት ሥር አስተኛናት። ሐኪሙ መቀመጥም መቆምም ከለከላት። "ተኝተው ይቆያሉ፣ እናቴ" አላት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ አጥንቷ ትንፍሽ አላለችም። የምታወራው ስለ በሯ ነበር።

"ቤቴ በመስቀል ተዘግቶ አያውቅም" ትላለች ኮርኒሱን እያየች። "ተዘግቶ ከዋለ ሰው ምን ይላል? አለቀች ነው የሚለው። ሰው አለቀች ካለ ደግሞ አልቄያለሁ።"

"እማዬ፣ እኔ ሄጄ እከፍተዋለሁ እኮ።"

"አንተ እንግዳ ነህ። ቤት ባለቤቱ ካልከፈተው ተከፈተ አይባልም።"

እኛ ጉራጌዎች ለመስቀል አገር ቤት ካልገባን ዓመቱ የተቆጠረ አይመስለንም። መርካቶ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጉንዳን ስንራወጥ የምንከርመው ለዚያች ሳምንት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። በዚያ ሰሞን ጭስ ያልወጣበት ቤት ካለ መንገደኛው ሁሉ ቆም ይልና "ይሄ ቤት የማን ነበር?" ይላል። እናቴ የምትፈራው ያንን መንገደኛ ነው። ከሞት ይልቅ እሱን።

ችግሩ፣ አውቶቡስ ለተኛ ሰው ቦታ የለውም። ስለዚህ ተስፋችን በሙሉ መኪናዬ ላይ ወደቀ። መኪናዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ሁለታችንም ጠዋት ስንነሳ እንስላለን፣ ሁለታችንም ዳገት ላይ ያልበናል፣ ባለቤቴም ሁለታችንንም አንድ ላይ የሚወስድ ገዢ ቢመጣ አትጠላም።

ሥራዬ ስፖንጅ መሸጥ ነው፤ በሜትር እየተለካ የሚቆረጠውን፣ ፍራሽ የሚሆነውን። ለእናቴ የጋቢናውን ወንበር ፈትቼ አወጣሁና ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ አልጋ ቆረጥኩላት። ዕድሜዬን ሙሉ ከቆረጥኩት ስፖንጅ ሁሉ እንደሱ ያማረልኝ የለም። ሳሳያት በመስኮቱ አየችውና ከትራሷ ሥር የቤቷን ቁልፍ አወጣች።

"መኪናዋ ውስጥ ስቀለው" አለችኝ። "መንገዱን ትልመድ።"

መስታወቱ ላይ አንጠለጠልኩት።

መኪናዋ መንገዱን ሳትለምድ ታመመች። በዓሉ ሲቃረብ አንድ ቀን በራጉኤል በኩል ወደ ቤት ስመለስ ነጭ ጭስ ለቀቀች። ቤት ገብቼ ዘይቷን ሳየው ማኪያቶ መስሏል፤ ውሃውና ዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው። መካኒኬ መጣ። ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ክዳን፣ አወረደው፤ ብረት የሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠው፤ አዲስ ጋስኬት አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ምሳ ልብላ ብሎ ወጣ። ከዚያ ደወለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ወንድሞቼ መኪና አስነስተው በር ላይ እየጮሁብኝ ነው። አገር ልገባ ነው።"

"ምሳ አልነበር የሄድከው?"

"ምሳውን እዚያ ልበላ።"

መካኒኬም የኛው አገር ልጅ መሆኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

"አትጨነቅ" አለኝ። "ቡሎኖቹን በጣቴ አስገብቻቸዋለሁ፤ የቀረው ማጥበቅ ብቻ ነው። ያቺ የምትፎክርባት መፍቻ አለችህ አይደል? ቁጥሩን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ከመሀል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር። ጋሼ፣ ከቁጥሩ እንዳታልፍ። ሰማኸኝ? እንዳታልፍ።"

ያቺ የምፎክርባት መፍቻ ዲጂታል ቶርክ ሬንች ናት። ክንድ ታህላለች፤ እጀታዋ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አላት። ቡሎኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ትነግራታለህ። ስትጠጋ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ልኩ ላይ ስትደርስ ረዘም አድርጋ ታፏጫለች፤ ካለፍክ ቀይ መብራት አብርታ ትጮህብሃለች። የገዛኋት ቀን ይህንን ሁሉ ለባለቤቴ በኩራት ሳስረዳት እስክጨርስ ጠበቀችኝና "ይቺማ እኔ ነኝ፤ ምን ሁለተኛ ያስፈልግሃል?" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ያስፈልገኝ የነበረው ለፉከራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጊቢያችን ውስጥ ጎማ ፈትቼ ስገጥም፣ ካንዴላ ስቀይር፣ እሷ ስታፏጭ ሰው ዞር ብሎ ያያል። እኔም ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብባለሁ። የጊቢው ሰው "የምታፏጨው" ብሎ ስም አወጣላት። የጎማ ዳዶ ግን ቻይ ነው፤ ብትበድለውም ዝም ይላል። የቴስታታ ቡሎን ሌላ ነው። ከላላ ውሃው ያመልጣል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ብረቱ እንደ ማስቲካ ይሳብና ይበጠሳል። ተበጥሶ ሞተሩ ውስጥ ከቀረ ደግሞ እሱን የሚያወጣው ባለቶርኖ ነው እንጂ ስፖንጅ ሻጭ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ጀመርኩ። መኪናዋ የቆመችው እናቴ መስኮት ሥር ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ስልኬን አየሁ፣ ቁጥሩን ሞላሁ፣ ከመሀል ጀመርኩ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ከዚያ ረጅሙ ፉጨት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"አንዱ ጠበቀ ማለት ነው፣ እማዬ።"

"ተመስገን።"

ሁለተኛው አፏጨ። "ተመስገን።" ሦስተኛው። "ተመስገን።" እንዲህ እየተባባልን የመጀመሪያውን ዙር ጨረስን፣ ሁለተኛውንም ጨረስን። እኔ አጠብቃለሁ፣ መፍቻዋ ታፏጫለች፣ እናቴ ታመሰግናለች። ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ድምጿ ጠንቶ አልሰማሁትም። በልቤ የወልቂጤን መንገድ ይዤ እየነዳሁ ነበር።

ቀርቶ የነበረው የመጨረሻው ዙር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ ልኩን ብቻ የሚሰጥ ነጋዴ ስሙ ይጠፋል። በርበሬ ስትመዝን ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ አንድ ጭብጥ ትጨምራለህ። ጨርቅ ስትለካ ሜትሩ ካለቀ በኋላ ጣትህን ወደፊት ገፋ አድርገህ ትቆርጣለህ። ምራቂ የሚሉት ይህ ነው። ደንበኛው አይጠይቅህም፤ ቆሞ እጅህን ነው የሚያየው። እኔ ሜትሩ በሚለው ላይ ስፖንጅ ቆርጬ አላውቅም፤ ሁሌም አንድ ስንዝር አሳልፋለሁ። አባቴም ያሳልፍ ነበር። እጃችን የተሠራው እንደዚያ ነው።

እና የመጨረሻው ዙር የመጀመሪያ ቡሎን ላይ መፍቻዋ ካፏጨች በኋላ እጄ በራሱ ጊዜ ትንሽ ገፋ አደረጋት። ቀይ አበራች። እኔም "ይቅርታ" አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ በአፌ አልኳት።

ፉጨቱን የሰማ ጎረቤት አንድ በአንድ መጣ። መጀመሪያ የመጡት እዚያው ጊቢያችን የሚኖሩት ቅመም ሻጯ እትዬ ናቸው። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ለእናታችን መንገድ እኔም አንድ ጊዜ እጄን ላስነካ።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ በልክ ነው።"

"ድልህ መሰለህ እንዴ የማበላሸው? አምጣ ባክህ!"

ምን ልበል? አመጣሁ። ጎተቱ፣ አፏጨች፣ "ተመስገን" አለች እናቴ፣ እትዬም "እሰይ!" ብለው አንድ ጊዜ ደገሙ። ቀይ። ከዚያ ባለቤቴ መጣች። ከዚያ ሐጂ መጡ።

ሐጂ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፤ ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ለአረፋ እሳቸው አገር ሲገቡ ሱቃቸውን እኔ እጠብቃለሁ፤ ለመስቀል እኔ ስገባ የኔን እሳቸው። ጢማቸው ነጭ ነው፣ ክንዳቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም።

"እስካሁን አላለቀም እንዴ፣ አንተ ጎረምሳ?" አሉኝ። ጎረምሳ የሚሉኝ ራሰ በራዬን እያዩ ነው።

"አንድ ቀረ ሐጂ። ዳር ላይ ያለው።"

ጎተትኩት። አፏጨች። "ተመስገን" ከመስኮቱ መጣ።

"በቃ፣ ልክ ነው አለች" አልኩ።

"ልክ ለባዳ ነው" አሉ ሐጂ። "ለእናት ምራቂ አለው።" እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑና "ቢስሚላህ" አሉ።

አብረን ጎተትን። ቀዩ በራ፣ መፍቻዋ ጮኸች፣ እትዬ ከኋላ "በርቱ!" ይላሉ። ከዚያ እጀታው በድንገት ቀለለኝ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ስኳር በጥርስ እንደመስበር። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። መፍቻውን ሳነሳው የቡሎኑ ራስ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። ሌላው ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል።

ሐጂ እጃቸውን አላነሱም። 

"ምነው ዝም አለች?" አለች እናቴ ከመስኮቱ።

ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ኮፈኑን ዘጋሁ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሰው የማስቅ ሰውዬ።

ከዚያ በኋላ መርካቶን በእግሬ ፈጨሁት። መለዋወጫ ተራ ሄድኩ፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ቁልፎቹ ተደርድረው እንደ ሜዳልያ ያብረቀርቃሉ። አንድ ክፍት ሱቅ አግኝቼ እየሮጥኩ ገባሁ፤ ሰውየው የመጨረሻ ዕቃውን እያሰረ ነበር።

"የቴስታታ ቡሎን!"

"ከመስቀል በኋላ።"

"ተበጥሶ የቀረ የሚያወጣ ባለቶርኖስ?"

ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ እኔ የማውቃቸው ባለቶርኖዎች ሁሉ አሁን አገር ቤት ቢላ እየሳሉ ነው።"

መካኒኬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። የአጎቶቼ ልጆች ጋ ደወልኩ፤ አንዱ ደርሷል፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው፣ አንዱ "መኪናው ላይ እንኳን ለእማማ፣ ለራሴም ቦታ የለኝ፤ በግ አቅፌ ነው ያለሁት" አለኝ፤ በጉም ከጀርባ መሰከረለት። አንድ ሌላ ቶርኖ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ አየሁና በሩን ገፋሁት፤ ዘበኛው ነው፣ ውስጡ ተኝቶ። ሲኒማ ራስ ወረድኩ። ሚኒባሶቹ ሰው ላይ ሰው ጭነዋል።

"ወልቂጤ አንድ ሰው አለኝ፣ ግን ተኝታ ነው የምትሄደው" አልኩት ረዳቱን።

"ጋሼ፣ ሰው ቆሞ ቦታ ሲያጣ አንተ አልጋ ትፈልጋለህ?"

ሌላው ጋ ሄድኩ። ሌላውም እንደሱ። አንዱ ሾፌር አዝኖልኝ ወርዶ የኋላውን ወንበር በክንዱ ለካልኝና ራሱን ነቀነቀ። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳኝ። የሚያላግጥብኝን እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው። የሚያዝንልኝ ሲመጣ ነገሩ እውነት መሆኑ ገባኝ።

ራጉኤል አጥር ጥግ ደረስኩ። ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ጸሎት መጀመሬ ነበር፣ ግን ክርክር ሆነ። "ባሕር ከፍለህ ሕዝብ ያሻገርክ አምላክ፣ አንዲት የተሰበረች ቡሎን ማውጣት ያቅትሃል?" አልኩት። ዓይኔ ውሃ ሞላ። ሰው እንዳያየኝ አስነጠስኩ። አንዲት ሻማ ሻጭ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይማርህ፣ ጋሼ። ሻማ ልስጥህ?"

"ዛሬ ቶርኖ የሚከፍት ሰው ታውቂያለሽ?"

ትንሽ አሰበችልኝ። "ለሱማ ሻማ አይበቃም" አለችኝ። "ስለት ነው የሚያስፈልግህ።"

ቤት ስመለስ ለእናቴ ነግረዋታል። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ቀልድ ፈለግኩ፤ ሁሌም አንድ ይገኛል፣ ከምላሴ ሥር። "እማዬ፣ ቡሎኗ እንዳንቺ ዳሌዋን ተሰበረች" አልኳት።

አልሳቀችም። አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለዳሌዋ ስትል ከግንቦት ወዲህ በጎኗ ዞራ አታውቅም፤ ያኔ ግን ዞረች። ባለቤቴ ምግብ አቀረበችላት፤ ዝም። ውሃ፤ ዝም። "ነጠላዬን አልብሱኝ" ብቻ አለች፤ ፊቷን ሸፈነች። ፊቱን ሸፍኖ የተኛ ሰው ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ ትንፋሿ ነጠላውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው እያየሁ ተቀመጥኩ። ስንዝር ስፖንጅ እየጨመርኩ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለእናቴ አንድ ቀን መጨመር አቃተኝ።

ሐጂ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ግን አልገቡም።

"ነገ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጭነት አለኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብርድ ልብስ ነው። ወልቂጤ ነው የሚወርደው።"

"ሐጂ፣ እናቴን ጭነት ላድርጋት?"

"ጭነቱስ ብርድ ልብሱ ነው" አሉ። "እሷ ምራቂው ናት።"

ከነጠላው ሥር የሆነ ድምፅ መጣ። ሳል ይሁን ሳቅ አላወቅኩም።

"እማዬ" አልኳት፣ "መንገዱ ያንገላታል። ሐኪሙ የነገረሽን ታውቂያለሽ። አጥንትሽ ይብሳል። ሊብስ ይችላል ሳይሆን ይብሳል።"

ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች። "እዚህ ተኝቼ ስንት አጥንት ነው የምታተርፍልኝ?"

ባለቤቴን አየሁ። እሷም እኔን አየች። ከዚያ ተነሥታ የእናቴን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

በነጋታው መኪናው ሲኒማ ራስ ጋ ቆሞ ጠበቀን፤ የኛ ቅያስ አይሱዙ አያስገባም። ስለዚህ ሐጂ ተሸካሚዎቻቸውን ላኩ። መርካቶ ውስጥ ፍሪጅና ቁም ሳጥን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ያንን ያማረውን ስፖንጅ ከመኪናዬ አውጥቼ በጣውላ ላይ አነጠፍኩ፣ እናቴን አስተኛናት፣ እነሱም ጎንበስ አሉና በአንድ ትንፋሽ ትከሻቸው ላይ አደረጓት። እኔ እንደ ባንዲራ መፍቻዬን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ለምን ይዤሽ ወጣሁ ብዬ ቆይቼ ነው ያሰብኩት፤ ጊቢው ውስጥ ብተዋት ጎረቤት ሁሉ ለቀሩት ቡሎኖች ምራቂውን እንዳይሰጥልኝ ፈርቼ ይመስለኛል።

"አሳልፉ! ወገቤን! አሳልፉ!" ይላል ፊተኛው ተሸካሚ። "የሚሰበር ዕቃ ነው!"

"ተሰብሮ ያለቀ ነው!" ትላለች እናቴ ከላይ።

መንገደኛው ሬሳ መሰለው። ባርኔጣ ተነሣ፣ ሊስትሮዎች ብሩሻቸውን አስቀመጡ፣ አንዲት ሴትዮ "እኔን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። እናቴ ነጠላዋን ወደዚያ ብላ እጇን ዘረጋች።

"አልሞትኩም! መስቀል ልበላ ነው!"

ግራና ቀኝ ሳቅ ፈነዳ። "እንኳን አደረሰዎ እማማ!" ይላሉ፤ እሷም እየተንሳፈፈች ትመርቃለች፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ የሚያውቃትንም የማያውቃትንም። እኔ ሳቅኩ ብል እዋሻለሁ። ጣውላው በተነቃነቀ ቁጥር ከንፈሯን ስትነክስ የማየው ከጎን የምሮጠው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ጋቢና ገባች። እናቴ ከላይ በብርድ ልብሱ እስር መሀል፣ እኔ ከጎኗ፣ ሸራው ከኛ በላይ። ሾፌሩ እንቁላል እንደጫነ ነዳ። ቢሆንም መንገድ መንገድ ነው። በየጉድጓዱ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች፤ እኔም ቀልድ እነግራታለሁ። ስለ መካኒኩ ምሳ ነገርኳት፣ ስለ በጉ ነገርኳት፣ ስለ ሻማ ሻጯ ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ትል ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መኪናው ነጠረና እጄን አልጨመቀችውም።

"እማዬ?"

ዝም።

"እማዬ፣ ጨምቂኝ እስቲ።"

እጇ ቀዝቅዟል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ግንባሯ ላይ ላብ አለ። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ፤ የምሰማው ሞተሩን ነው። የሸራውን ብረት እየደበደብኩ ሾፌሩን ላስቆመው ነበር፤ አስቁሜ ግን ምን ልለው ነው? ተመለስ? ወዴት? ሌላ ቀልድ ፈለግኩ። የለም። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ሥር ባዶ ሆነ። "እናቴ፣ ድረሺ ብቻ፤ ድረሺና እንደፈለግሽ አድርጊኝ" እያልኩ እጇን ሳሻሽ፣ ሳሻሽ ወልቂጤ ደረስን።

ሾፌሩ ጭነቱን ሳያወርድ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወደኛ አገር የሚያስገባውን ጥርጊያ መንገድ ያዘ። እሱም ያው የመርካቶ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ደረስን። በየቤቱ ጭስ ይወጣል፤ የሷ ቤት ብቻ ጸጥ ብሏል። ጎረቤቶች ሮጠው መጡና ከነስፖንጁ አውርደው ሣሩ ላይ አስቀመጧት። ዓይኗን ከፈተች። መተንፈሷን ያመንኩት ያኔ ነው። ወደ በሩ አየች።

"ክፈተው" አለችኝ። ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሯን ነው ያነበብኩት። "እጄን ይዘህ ክፈተው።"

ኪሴ ገባሁ። ሌላኛው ኪሴ ገባሁ። ባለቤቴን አየኋት፣ አፏን በእጇ ያዘች። ቁልፉ መኪናዬ መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። አዲስ ከተማ። መንገዱን እያስለመዳት።

 አንድ ሽማግሌ "መጥረቢያ ላምጣ?" አሉ፤ መጥረቢያ በዚያ በር ላይ፣ በዚያ ቀን፣ አልወደድኩትም። ቦርሳዬ ላይ የተጋደመችውን መፍቻ አየኋት። ወስጄ ጫፏን ጓጉንቸሩ በገባበት የበሩ ማንጠልጠያ ውስጥ አስገባሁ። ባለቤቴና አንድ ጎረቤት ስፖንጁን ወደ በሩ አስጠጉት፣ የእናቴን እጅ አንሥቼ እጄ ላይ አደረግኩ። ክብደት የለውም፤ የዶሮ ላባ በለው። ገፋሁ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ረጅሙ ፉጨት መጣ። ቀዩ በራ፣ መጮህ ጀመረች። አላቆምኩም። ምራቂዋን ሰጠኋት፣ የሐጂንም፣ የእትዬንም፣ የአባቴንም፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ማንጠልጠያው ከነምስማሩ ተነቅሎ ወጣ። መፍቻዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቁጥሯ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አፏጭታ አታውቅም።

በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ። የተዘጋ ቤት ሽታ መጣ።

"ተመስገን" አለች እናቴ። "አሁን እሳት አንድዱ።"

መካኒኬ ከመስቀል ሲመለስ የተሰበረውን አስወጣ። የቀሩትን ቡሎኖችም ሲያያቸው ሁሉም ተስበዋል፤ አንዱም አልዳነም፣ በሙሉ ተቀየሩ። "ማን ነው ያጠበቃቸው?" ሲል እትዬ ወደ በርበሬያቸው፣ ሐጂ ወደ ስግደታቸው ሄዱ። መኪናዋ አሁን ትሄዳለች። እናቴ ግን አልተመለሰችም። አጥንቷ መንገዱን አልወደደውም፤ ሐኪሙ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ልክ ነበር። ተኝታ ነው ያለችው፣ ፊቷ ወደ በሩ። በወር በወር ስፖንጅ ጭኜ እሄዳለሁ፤ ጎኗ እንዳይቆስል ነው። ስሄድ የምናገረው ቀልድ አንዳንድ ጊዜ ያስቃታል፣ አንዳንድ ጊዜ አያስቃትም፤ እኔም ከበፊቱ ያነሰ እቀልዳለሁ።

በሩን እንድጠግነው ብዙ ጊዜ ለምኛታለሁ። አዲስ ማንጠልጠያም ገዝቼ ወስጃለሁ። እስካሁን መስኮቷ ላይ ከነወረቀቱ ተቀምጧል።

"ተወው" ትለኛለች። "እንዳይዘጋ።"